በካሊፎርኒያ ከአስፋልት ውጪ የሚነዳባቸውን የሕዝብ ፓርኮች ለመጎብኘት ማወቅ የሚያስፈልገው

የካሊፎርኒያ ግዛት ሞተር ሳይክልና መኪና በአፈር፣ በአሸዋና በድንጋያማ መንገድ ላይ እንዲነዳባቸው የከለላቸው ዘጠኝ የሕዝብ ፓርኮች አሉት። ከእነዚህ መካከል ፕሬሪ ሲቲ ለሳክራሜንቶ፣ ካርኔጊ ለኦክላንድና ለአካባቢዋ፣ ሆሊስተር ሂልስ ለሳን ሆዜ፣ ሃንግሪ ቫሊ ለሎስ አንጀለስ፣ ኦኮቲዮ ዌልስ ደግሞ ለሳን ዲዬጎ ይቀርባሉ። አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶች በእነዚህ ከተሞች ሁሉ ስላሉ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሰምቶ መጥቶ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ የሚወተውተው ወላጅ ጥቂት አይደለም። አገር ቤት ላደገ ሰው ኮረኮንችና ጭቃ ቤቱ ለመድረስ ሲል የሚችለው መከራ እንጂ ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት መዝናኛ ስላልነበረ፣ ጥያቄው ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም። ይህ ማብራሪያ የተጻፈው ለዚያ ወላጅ፣ እንዲሁም ጂፕ ወይም ላንድ ክሩዘር ገዝቶ ከአስፋልት አውርዶ ሊሞክረው ለሚያስብ ሰው ነው።

በቅድሚያ መታረም ያለበት አንድ አስተሳሰብ አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ፓርክ ሕግ የማይደርስበት፣ እንደ ልብ የሚጋለብበት ሜዳ አድርጎ ይገምተዋል። በዚያ ግቢ ውስጥ ግን የሞተሩ ድምፅ፣ የጭስ ማውጫው መረብ፣ የልጁ እጅ ርዝመት፣ የዝናብ ማግስት እርጥበት ሳይቀር ደንብ ወጥቶላቸዋል። ደንቦቹን ከላይ ከላይ ላያቸው ሰውን ለማስጨነቅ የተደረደሩ ይመስላሉ። እያንዳንዳቸው ግን የወጡበት ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱን የተረዳ ጎብኚም ደንቡን በቃሉ ማጥናት ሳያስፈልገው ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ደንቡ ለምን እንደወጣ የሚያስረዳ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ቀላል ሞተር ሳይክሎች በብዛት ገበያ ላይ ሲውሉ ነጂዎች ያገኙትን ኮረብታ ሁሉ መውጣት ጀመሩ፤ የከብት አርቢው አጥር ተጣሰ፣ ሣሩ ተላጠ፣ በረሃው በጎማ ተተለተለ። አንድ ወገን ጨርሶ ይከልከል አለ፤ ሌላው ወገን ደግሞ መሬቱ የሕዝብ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1971 የግዛቲቱ ምክር ቤት አባላት የነበሩት ዩጂን ቻፒና ኤድዊን ዝበርግ በስማቸው የሚጠራውን ሕግ አወጡ። ቻፒ ከመንገድ ውጪ መንዳት የሚወድ ሰው ሲሆን፣ ዝበርግ በተፈጥሮ ጥበቃ ተቆርቋሪነቱ የሚታወቅ ነበር። የተስማሙበት ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ክልከላ ብቻውን ነጂውን አያስቆመውም፤ በሥርዓት የተዘጋጀ ቦታ ከተሰጠው ግን የቀረው መሬት ያርፋል። በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ባወጡት ትእዛዝ ቁጥር 11644 የፌዴራል መሬት የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶችም የሚነዳበትንና የማይነዳበትን ለይተው እንዲያስታውቁ ተደረገ። የካሊፎርኒያው መርሐ ግብር በየጊዜው እየታደሰ ቆይቶ በ2017 በወጣ ሕግ ቋሚ ሆኗል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ነዳጅ ሲቀዳ የሚከፈለው ግብር በመሠረቱ ለመንገድ ሥራ የታሰበ ነው፤ ከአስፋልት ውጪ የተቃጠለው ነዳጅ ግን መንገዱን አልነካም። ስለዚህ ከግብሩ ውስጥ ከመንገድ ውጪ እንደተቃጠለ የሚታሰበው ድርሻ፣ ከምዝገባና ከፓርክ መግቢያ ክፍያ ጋር ተደምሮ ለዚሁ ሥራ በተቋቋመ ፈንድ ውስጥ ይገባል። የሬንጀሮቹ (የፓርክ ጠባቂዎቹ) ደመወዝ፣ የመንገዶቹ ጥገና፣ የተጎዳ መሬት ማገገሚያና ለአውራጃዎች የሚሰጠው ድጋፍ የሚሸፈነው ከዚያ ነው። በር ላይ የሚከፈለው ክፍያም የዚያው ስምምነት አካል ነው።

ወደ ጉብኝቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚታየው ወረቀት ነው። ታርጋ ያለው፣ በአስፋልት ላይ በሕግ የሚነዳ ፎርዊል መኪና ባለው ታርጋ መግባት ይችላል። ታርጋ የሌለው የአፈር ሞተር፣ ባለአራት ጎማ ሞተር (ነጂዎቹ ኳድ ወይም ኤቲቪ የሚሉት) ወይም ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበትና እንደ ትንሽ መኪና መሪ ያለው «ሳይድ ባይ ሳይድ» ግን የግዛቱ ተሽከርካሪ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት በሆነው በዲኤምቪ ተመዝግቦ ለሁለት ዓመት የሚያገለግለውን አረንጓዴ ስቲከር መለጠፍ አለበት። እነዚህን ታርጋ አልባ ተሽከርካሪዎች ከቤት እስከ ፓርኩ በአስፋልት መንዳት ክልክል ስለሆነ በፒክ አፕ ወይም በተሳቢ ተጭነው ይሄዳሉ። ያገለገለ ሞተር ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ስቲከሩ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንና የባለቤትነት ወረቀቱ በሻጩ ስም መሆኑን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይመልከት፤ ወረቀት የሌለው ሞተር ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ድምፅ ይለካል። ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ሬንጀሩ ሞተሩን ያስነሳና መለኪያውን ከጭስ ማውጫው ጫፍ 20 ኢንች፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ያህል አርቆ፣ ከጭሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ይይዘዋል። ነጂው ቤንዚን እየሰጠ የሞተሩን ዙር ከከፍተኛው ግማሽ ላይ ያደርሰውና እዚያው ያቆየዋል። በ1986 እና ከዚያ ወዲህ ለተሠራ ሞተር የሚፈቀደው 96 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለተሠራው 101 ነው። አምስት ዴሲቤል ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን ዴሲቤል እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ በእኩል እርከን የሚቆጠር አይደለም፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በእጥፍ ያድጋል። ፋብሪካው የገጠመለትን ማርሚታ አውልቆ የሚጮኸውን የገጠመ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ከዚህ ላይ ነው። ደንቡ ጠበቅ ያለበት ምክንያት ከአጥሩ ማዶ ሰው ስለሚኖር ነው። አቧራ ነፋስ ሲኖር ብቻ ይሄዳል፤ ድምፅ ግን ሁልጊዜ ስለሚሻገር የጎረቤት አቤቱታ መንጃ ስፍራዎችን ለመዘጋት ይዳርጋቸዋል።

በዚያው ማርሚታ ውስጥ ብልጭታ የሚያስቀር መረብ መኖር አለበት። ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ የካርቦን ፍንጣሪ በዓይን አይታይም፤ በግንቦትና በሰኔ ወርቃማ መስሎ የሚደርቀው የካሊፎርኒያ ሣር ግን በእርሱ ይያዛል። አንዳንድ ሬንጀር ቀጭን ዘንግ ወደ ማርሚታው ጫፍ አስገብቶ መረቡ መኖሩን ይፈትሻል። መረቡን ኃይል ይቀንሳል ብለው የሚያወጡ አሉ፤ በዚያ ግዛት የሰደድ እሳት ምን እንደሚያደርግ ላየ ሰው ግን ይህ የማይታሰብ ነው።

አሁን ብዙ ጥንቃቄ ወደሚጠይቀው ወደ ልጆች ጉዳይ እንለፍ። ኳድ አራት ጎማ ስላለው ከሞተር ሳይክል ይልቅ የማይወድቅ ይመስላል፤ ወላጅን የሚያታልለውም ይኸው መልኩ ነው። ኳድ ነጂው በመሪው ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ክብደትም የሚነዳው ተሽከርካሪ ነው፤ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ፣ ዳገት ሲወጣ ወደ ፊት፣ ሲወርድ ወደ ኋላ ማዘንበል ይፈልጋል። ክብደቱ 30 ኪሎ የሆነ ልጅ 250 ኪሎ የሚመዝነውን የአዋቂ ኳድ ሊያዘነብለው አይችልም፤ ሲገለበጥበትም ከሥሩ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎች ለየትኛው ዕድሜ እንደሠሩት በኳዱ ላይ በሚለጠፍ ምልክት ያስታውቃሉ፤ ለአዋቂ የተሠራው ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም። ምልክቱ ተልጦ ቢሆንም ልኩን ማወቅ አያስቸግርም። ልጁ ኳዱ ላይ ተቀምጦ መሪውን እስከ ዳር ሲያዞር የሁለቱም እጆቹ ክርኖች መጠነኛ እጥፋት ሊኖራቸው ይገባል፤ ጣቶቹ ፍሬኑን ሳይንጠራሩ ይደርሱበታል፤ በእግር ማሳረፊያው ላይ ሲቆምም ከመቀመጫው ከፍ ይላል። አንዱ ካልተሟላ ኳዱ የእርሱ ልክ አይደለም። «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ የሚገዛው ጫማ እንጂ ኳድ አይደለም።

ሕጉም ይህንኑ ተከትሎ የወጣ ነው። በካሊፎርኒያ የሕዝብ መሬት ላይ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ኳድ የሚነዳው የደኅንነት ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ካለው፣ በሥልጠና ላይ ካለ፣ ወይም የምስክር ወረቀት ያለው አዋቂ በቅርብ እየተቆጣጠረው ከሆነ ብቻ ነው። ከ14 ዓመት በታች ከሆነ በዚህ ላይ ወላጁ፣ አሳዳጊው ወይም እነርሱ የፈቀዱለት አዋቂ አብሮት መገኘት አለበት። ለአንድ ሰው በተሠራ ኳድ ላይ ሁለተኛ ሰው ማፈናጠጥ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነጂው የሚያዘነብልበትን ቦታ ይዘጋበታል። አባት ትንሿን ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ «ቀስ ብዬ ነው» እያለ መንዳቱ በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ኳዱ ሲገለበጥ ግን በመሪውና በአባቷ ደረት መካከል የምትያዘው እርሷ ናት። የሳይድ ባይ ሳይድ ነጂ ቢያንስ 16 ዓመት ሊሞላው፣ አለዚያም ወላጁ፣ አሳዳጊው ወይም እነርሱ የፈቀዱለት አዋቂ በውስጡ ተቀምጦ ሊቆጣጠረው ይገባል። ተሳፋሪው ሁሉ ሄልሜትና ቀበቶ ያደርጋል። ጀርባውን መቀመጫው ላይ አስደግፎ ቀበቶውን እንዳሠረ የእጅ መያዣውን መጨበጥ የማይችል ሕፃን ደግሞ አይሳፈርበትም፤ ተሽከርካሪው ሲንገጫገጭ ራሱን የሚያጸናበት ነገር የለውምና።

የሄልሜቱን ነገር በኳድና በሳይድ ባይ ሳይድ ሕጉ ስለሚያስገድድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሞተር ሳይክልም ያለ እርሱ መውጣት የለበትም። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና እጅጌው ረጅም ልብስ ይጨመራሉ። ሥልጠናውን በተመለከተ ግን አንድ ምክር አለኝ፦ ወላጁ ራሱ ከልጁ ጋር ይማር። ግማሽ ቀን የሚወስድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ልጁም አባቱ «ተጠንቀቅ» ሲለው ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል።

ብዙ አደጋ የሚደርሰው ፍጥነት ላይ ይመስለናል፤ ጀማሪን የሚጎዳው ግን በአብዛኛው ዳገት ነው። ነጂው ወደ ላይ እየተመለከተ ይወጣል፤ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ጉልበት ያጥረውና ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት የሰው ደመ ነፍስ የሚነግረው ሁለት ነገር ሁለቱም ስሕተት ናቸው። አንደኛው ኳዱን ወደ ኋላ እንዲንሸራተት ለቆ ከፈጠነ በኋላ የኋላውን ፍሬን በድንገት መያዝ ነው፤ የኋላው ጎማ ሲቆም ፊቱ ወደ ላይ ይነሣና በጀርባው ይገለበጣል። ሁለተኛው መሪውን ወደ ጎን ጠምዝዞ ለመዞር መሞከር ነው፤ ተሽከርካሪው በዳገቱ ላይ አግድም ሲቆም የሚደግፈው ነገር ስለሌለ እንደ በርሜል ይንከባለላል። ትክክለኛው ክብደትን ወደ ፊት አድርጎ ኳዱ መንቀሳቀስ ሳይጀምር የፊቱን ፍሬን መያዝ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ማሠር፣ ከዚያም ወደ ዳገቱ በኩል ባለው ጎን መውረድ ነው። በመኪና ከሆነ ደግሞ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ የኋላ ማርሽ ማስገባትና ሞተሩ ራሱ እያዘገመ በመጣበት መስመር ወደ ታች እንዲመልሰው መተው ነው። ቁልቁለት ሲወረድም በዝቅተኛው የፎርዊል ማርሽ የሞተሩን ጉልበት መጠቀም ከፍሬን ይሻላል፤ በላላ አፈር ላይ ፍሬን ተረግጦ የቆመ ጎማ እንደ ሸርተቴ ይሄዳልና።

መንገዶቹ በሦስት ምልክት ይለያሉ፤ አረንጓዴ ክብ ቀላሉን፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛውን፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባዱን ያመለክታል። ጀማሪ የመጀመሪያ ቀኑን ሙሉ በአረንጓዴው ላይ ቢያሳልፍ የሚቀርበት ነገር የለም። ብዙዎቹ መንገዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዱ ሲሆኑ፣ የአቅጣጫውን ቀስት መጣስ ከፊት ለፊት ግጭት ውስጥ ይከትታል። በሁለቱም አቅጣጫ በሚነዳበት መንገድ ላይ በልማድ ቅድሚያ የሚሰጠው ዳገት ለሚወጣው ነው፤ እርሱ ካቆመ እንደገና ለመነሣት ይቸገራል። ነጂዎች ሲተላለፉ ጣቶቻቸውን ሲያወጡ ይታያል። ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጣት ማለት «ከኋላዬ ሦስት ሰው ይመጣል» ማለት ሲሆን፣ የተጨበጠ እጅ ማለት ደግሞ «የመጨረሻው እኔ ነኝ» ማለት ነው። በካምፕ፣ በሰው ስብስብና በእንስሳት አቅራቢያ፣ እስከ 50 ጫማ ርቀት ድረስ፣ ፍጥነት በሰዓት ከ15 ማይል አይበልጥም። መጠጥን በተመለከተ ሕጉ ከአውራ ጎዳናው ሕግ አይለይም፤ ታርጋ የሌለው ኳድ ላይ ሰክሮ የተያዘ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመጣበት መዘዝ አለ።

ጂፕ ወይም ላንድ ክሩዘር ይዞ የሚሄድ ሰው በር ላይ እንደደረሰ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ጎማ ማስተንፈስ ነው። በአስፋልት 35 ፒኤስአይ ንፋስ የሚሞላው ጎማ በድንጋያማ መንገድ 20 አካባቢ፣ በአሸዋ ደግሞ 15 አካባቢ ሲሆን ይተኛና መሬቱን በሰፊው ይረግጣል፤ አይንሸራተትም፣ አፈሩንም አይቆፍርም። ስለዚህ የንፋስ መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ የንፋስ መሙያ ያስፈልጋሉ። መኪና ሲያዝ ለመጎተት የሚያገለግለው ቀበቶም እንዲሁ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከተሳቢ መጎተቻው ኳስ ላይ ፈጽሞ መታሠር የለበትም። ኳሷ የተሠራችው ተሳቢን ለመጎተት እንጂ አፈር የዋጠውን መኪና ነቅሎ ለማውጣት አይደለም፤ በውጥረት ስትቆረጥ እንደ ጥይት ተፈናጥራ መስተዋት ሰብራ ትገባለች፣ ሰውም ገድላለች። ቀበቶው የሚታሠረው ከመኪናው ሻንሲ ጋር በተያያዘው መንጠቆ ላይ ነው፤ ሲጎተትም ተመልካች ሁሉ ራቅ ብሎ ይቆማል።

ዘጠኙ ፓርኮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሃንግሪ ቫሊ በጎርማን አጠገብ 19,000 ኤከር ላይ የተዘረጋ፣ 130 ማይል ያህል መንገድ ያለው፣ በካሊፎርኒያ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በረዶ የሚጥልበት ከፍታ ነው። ኦኮቲዮ ዌልስ ከ85,000 ኤከር በላይ የሆነ ክፍት በረሃ ሲሆን በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ወቅቱ ከመኸር እስከ ጸደይ ነው። የፕሬሪ ሲቲ የድንጋይ ክምር የወርቅ ፈላጊዎች ማሽን ትቶት የሄደው ነው፤ ዝነኛው የሃንግታውን የሞቶክሮስ ውድድርም የሚካሄደው እዚያ ነው። በሆሊስተር ሂልስ መካከል የመሬት መንቀጥቀጥ ምንጭ የሆነው የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ስለሚያልፍ የግራና የቀኙ አፈር የተለያየ ነው፤ የአንዱን ጎን ጠባይ የለመደ ነጂ ወደ ሌላው ሲሻገር እንደ አዲስ ቀስ ብሎ መጀመር አለበት።

ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልበረደበት ኦሺያኖ ዱንስ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል፣ በፓስፊክ ዳርቻ ላይ ያለ የአሸዋ ክምር ምድር ነው። መኪና በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ እየተነዳ የሚገባ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ ወደ ባሕር የሚፈስ የአሮዮ ግራንዴ ጅረት ይሻገራል። ማለዳ ቁርጭምጭሚት የማይደርሰው ውኃ ማዕበሉ ሲመጣ ሞተር ያሰጥማል፤ «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የሚባለው እዚያ በቁሙ ይታያል። የማዕበሉን ሰዓት ሳይመለከቱ መግባት አይገባም። ከአሸዋው ክምር ማዶ የሚመጣው ስለማይታይ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ጫፉ ከመሬት 8 ጫማ ከፍ የሚል ባንዲራ ማቆም ግዴታው ነው። ነጂው ጫፉ ላይ ሲደርስ ከማዶው ሸለቆ ይኑር ገደል ስለማያውቅ ዝግ ብሎ፣ በጎን በኩል አይቶ ነው የሚያልፈው። በዚያው አሸዋ ላይ ደግሞ ስኖዊ ፕሎቨር የምትባል፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ወፍ በአሸዋው ገጽ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። በ1993 በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ስለተደረገላት ከመጋቢት እስከ መስከረም ሰፊ ቦታ ይታጠርላታል። በነፋሱ አቅጣጫ የሚኖሩት የኒፖሞ ሰዎች በበኩላቸው በአሸዋ ብናኝ ይቸገራሉ። የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን በመጋቢት 2021 ከመንገድ ውጪ መንዳት በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ እንዲቆም ወሰነ፤ በ2023 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የወፏን አጥር ጥሶ የሚገባ አንድ ነጂ የሚያቀብለው ማስረጃ ለየትኛው ወገን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። በካርኔጊም በአዋሳኙ ለመንጃ ተብሎ የተገዛው፣ ቴስላ የሚባለው (ከመኪና ኩባንያው ጋር የማይገናኝ) መሬት ከረጅም ክርክር በኋላ በ2021 ለሌላ ዓይነት ፓርክ እንዲውል ተወስኗል። እነዚህ ቦታዎች ለዘላለም የተሰጡ አይደሉም።

ዝናብ በዘነበ ማግስት መንገዶች የሚዘጉትም በዚሁ መንፈስ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ጎማ ያለፈበት ቦይ ይሆናል፤ ቀጣዩ ዝናብ ቦዩን ተከትሎ ይወርድና ኮረብታውን ይሸረሽረዋል፣ ደለሉም ወንዝ ይሞላል። የወሎንና የትግራይን ቦረቦር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያሻውም። ከመነሣት በፊት ፓርኩን ደውሎ ወይም በድረ ገጹ መጠየቅ ለሰዓታት ተሳቢ ጎትቶ ከዝግ በር ከመመለስ ያድናል። የእጅ ስልክ በብዙዎቹ ሸለቆዎች ስለማይሠራ ብቻን መሄድ አይገባም፤ የት እንደሚገኙና መቼ እንደሚመለሱ ቤት ለቀረ ሰው መንገርም ያስፈልጋል። ውኃ ከሚበቃው በላይ ይያዝ።

ሲመሽ ከፓርኩ የሚወጡ ሰዎች ሁለት ነገር አይርሱ። የተነፈሰ ጎማ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ይግላል፣ ይፈነዳልም፤ ስለዚህ አስፋልት ከመግባት በፊት ይሞላ። ሁለተኛው ለእኛ ማኅበረሰብ በተለይ መነገር ያለበት የጤና ጉዳይ ነው።

በካሊፎርኒያ ደረቅ አፈር ውስጥ፣ በተለይ በሳን ዋኪን ሸለቆና በዙሪያው፣ ኮክሲዲዮይድስ የሚባል ፈንገስ ይኖራል። አቧራ ሲቦን ፍሬዎቹ ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ይገባሉ፤ በሽታው ቫሊ ፊቨር ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ብዙው ሰውም ሳይሰማው ያልፈዋል። ነገር ግን በሳንባ ሳይወሰን ወደ ቆዳ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል ሽፋን የሚሰራጨው ከባዱ ዓይነት በጥቁሮችና በፊሊፒናውያን፣ በነፍሰ ጡሮች፣ በስኳር ሕሙማንና የሰውነት መከላከያቸው በደከመ ሰዎች ላይ የመጸናት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ በሕክምና ይታወቃል። ስለዚህ በቡድን ሲነዳ ከፊተኛው አቧራ ውጪ ርቀት ጠብቆ መሄድ፣ በነፋሻ ቀን መተው፣ ኤን95 ማስክ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ማስኩ ሙሉ በሙሉ ባይከላከልም ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ ካምፕ ውስጥ ሆና የምታየው አቧራም አቧራ ስለሆነ ቤት ብትቀር ይሻላል።

ምልክቱ የሚመጣው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ የደረት ውጋት፣ የሌሊት ላብ፣ ሰውነትን የሚያዝል ድካም። በዚያን ጊዜ ጉዞው ከተረሳ ሰንብቷል። ሐኪሙም ሳንባ ምች መስሎት የባክቴሪያ መድኃኒት ያዝዛል፤ ታማሚው ከኢትዮጵያ መምጣቱን ሲሰማ ደግሞ ሐሳቡ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ሊሄድ ይችላል፤ ሁለቱ በምልክትም በራጅም ይመሳሰላሉና። የደም ምርመራ አለው፤ እንዲመረመር የሚያደርገው ግን ታሪኩ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም የገጠመው ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «ከሦስት ሳምንት በፊት አቧራ ላይ ሞተር ስነዳ ነበር፤ ቫሊ ፊቨር እንዳይሆን ይመርመርልኝ» ብሎ ቦታውንና ቀኑን ጠቅሶ ይንገር።